ከሦስት ሠርግ ስለተረፈው ሰንጋችን

ለክቡር የባሕር ማዶ ዜጎች ጉዳይና የሰነድ ማረጋገጫ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ወንበርዎስ እንደምን ከረመ? ማህተምዎ ደህና ነው? እኛ በመካነ ሰላም የምንገኝ ወዳጆችዎ፣ ክርስቲያኑ በጸሎት ሙስሊሙ በዱዓ፣ ጤናዎን ስንለምን ከርመናል፤ እርስዎን አንድ ቀን እንኳ ራስዎን ቢያምዎት ልጄ ወደ አገሯ የምትገባበት ወረቀት ይዘገያል ብለን ስለምንሰጋ ነው። እርግጥ እርስዎ ደህና ሆነውም ዘግይቷል። ቢሆንም ዱዓው አይጎዳም።

እኔ ዘማርያም አካሉ እባላለሁ፤ እዚሁ ከተማ የእህል ወፍጮ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሞተር ጩኸት መካከል ስነጋገር ስለኖርኩ ጽሑፌም ጮክ ያለ ከመሰለዎት አይቀየሙኝ፤ ቁጣ ሳይሆን የሙያ ጠባይ ነው። ጉዳዬ አጭር ነው። ልጄ ፋና ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ቤት ስትቀይር የፋና ፓስፖርት የገባበት ጠፋ። ፋና ከመሄዷ በፊት ለከላላው መምህር ለምናለ ታጭታ ነበርና፣ አሁን አገሯ ገብታ ማግባት ትፈልጋለች። እዚያ ያለው ወኪላችሁ በፓስፖርት ፈንታ አገር የሚያስገባውን ሊሴ ፓሴ ልሰጥ የምችለው ኢትዮጵያዊት መሆኗ ከአገር ቤት ተረጋግጦ ሲመጣልኝ ነው አለ፤ ማረጋገጫውን የሚሰጠው ደግሞ እርስዎ የሚመሩት መምሪያ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋናዬን፣ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ አሠራራችሁ ጥራት። አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ስደርስ፣ መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ትሁት ሠራተኛችሁ ፋይሉን አገላብጣ ባለጉዳይዋ ራሷ በአካል ቀርባ ትፈርም አለችኝ። ባለጉዳይዋ እኮ ዐረብ አገር ናት፣ እኔም የመጣሁት እሷ እንድትመጣ ነው አልኳት። ገባት። እንዲያውም አዘነችልኝ። ከዚያም እንግዲያው ትምጣና ፈርማ ትመለስ፣ ወረቀቱ ሲደርሳት ደግሞ በወረቀቱ ትመጣለች ብላ መንገዱን በደንብ አስረዳችኝ። ወላሂ ክቡር ሆይ! ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ለዚህስ ከዚህ ያነሰ መሐላ አይበቃውም። ዞር ብዬ በሣቅ ፍርፍር ስል ጥበቃው ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። ለወንበሩ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ በዕለቱ ያገኘሁት እሱኑ ነው።

፪. ልጅቷን ከሕፃንነቷ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይመስክሩ በተባለ ጊዜ ሁለት ሰው ይዤ ተመለስኩ። አንደኛው ፋናን ፊደል ያስቆጠሯት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ፣ ደረጃ ሲወጡ ሁለት ጊዜ የሚያርፉ። ሁለተኛዋ ጎረቤታችን እትዬ ሩቂያ ናቸው፤ ፋና ስትወለድ እትብቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። መስኮት ሰባት ሁለቱንም በጥሞና ተመልክቶ ሽማግሌ መሆናቸው ከቀበሌ ተረጋግጦ ይምጣ አለ። እትዬ ሩቂያ ያረቢ ብለው አፋቸውን ከፈቱና የቀሯቸውን ጥርሶች ለመስኮቱ አሳዩት፤ ጥርስም ማህተም የለውም። ቀበሌያችን ማስረጃውን ጻፈ። መሪጌታ እስከ ዛሬ በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ ሚኒባስ ውስጥ ጎረምሳ ወንበር አልለቅ ሲላቸው አውጥተው ያሳዩታል። ስለዚህ አገልግሎታችሁ በትራንስፖርት ዘርፍም ፍሬ አፍርቷል።

፫. መሪጌታ ለመምሪያው ያላቸው እውነተኛ አድናቆት ግን የጀመረው በቀጠሮው ነው። እርስዎም እንደሚያውቁት በጾም ተክሊል የለም፣ ሥጋም አይቆረጥም። ሠርጉን ለጥቅምት መጨረሻ አሰብን፤ ለኅዳር ዐሥራ አምስት ቀጠራችሁን፤ የነቢያት ጾም የሚገባበት ዕለት። ለጥር አዛወርነው፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ቀጠራችሁን፤ በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባና እትዬ ሩቂያ ለሙስሊሙ እንግዳ ሊጥዱት ያወጡት ትልቁ ድስት ተመልሶ ጓዳ ገባ። ቀኑ ሲደርስም ሲስተም የለም ተባልን። ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብንል፣ ይኸው አሁን የያዝነው ቀጠሮ ግንቦት ሃያ አራት፣ የሰኔ ጾም የሚገባበት ሰኞ ሆኖ ቁጭ አለ። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ፣ የየዓመቱን ጾምና በዓል አስልተው የሚያወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ወረቀት ይዘው የሚለፉበትን እናንተ አንድም ሳትስቱ ሦስት ጊዜ ስላገኛችሁት፣ በመምሪያው ውስጥ ስሙን የደበቀ ታላቅ ሊቅ ተቀጥሯል ብለው አምነዋል። እባክዎ ያገናኙዋቸው፤ በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን ከእግሩ ሥር ቁጭ ብዬ እማራለሁ ብለዋል።

፬. አሁን ወደ ዋናው አመስጋኝ ልምጣ። ለሠርጉ የገዛነው ሰንጋ ወይኖ ይባላል። የወፍጮዬ ፉርሽካ ሁሉ ለሱ ሆኖ፣ ከውፍረቱ የተነሳ ሲገባና ሲወጣ የበረቱን መቃን እየፋቀው ነው። እኛ ሞኞቹ ያሰብነው የሠርግ ቀን በቀረበ ቁጥር ወረቀቱ ያልቅልናል ብለን ዳስ እንጥላለን። ሌላ ሰንጋ ዳስ ሲጣል ይበረግጋል፤ ወይኖ ግን ሦስት ጊዜ ተጥሎ ሦስት ጊዜ ሲፈርስ ስላየ፣ የእንጨቱን ድምፅ ሲሰማ መጥቶ ጥላው ሥር ጋደም ይላል። ሙሽራው ምናለ ከከላላ እየመጣ ጨው ያልሰዋል፣ ጆሮውን ያክለታል፣ የሆድ የሆዱን ያጫውተዋል። ባለቤቴ የኔአለም ይህ ልጅ ሳናውቀው ለሰንጋው ነው እንዴ የታጨው እያለች ትንፈቀፈቃለች። ክቡር ሆይ፣ አገልግሎታችሁ ማንንም አያረካም የሚል ሰው ከመጣብዎ ወደ እኔ ይላኩት። በረት ወስጄ አሳየዋለሁ።

፭. ሰፈሩም ያመሰግናል። ሳይጋባ የሚጠጣ ጠላ፣ ሳይዘፈን የሚጠጣ የሙስሊሙ ቀሪቦ ከየት ይገኛል? ዘገምተኛ ናችሁ እያሉ የሚያሙዋችሁ ግን ውሸታሞች ናቸው። ስትፈልጉ እንደምትፈጥኑ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱን አሁን ሣቄን እንዳያቋርጥብኝ መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

እንግዲህ ዘመድ ተሰብስቦ መክሮ አንድ ውሳኔ ላይ ደርሰናል። ጾሙ ሳይገባ ወረቀቱ ካልተሰጠን ሠርጉን እዚያው የእናንተ ወረፋ ማስጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ እናደርገዋለን። ሙሽራዋ ባትኖርም ፋይሏ እዚያ ነው፤ ሙሽራውም ከእኔ ጋር ሲመላለስ ከጥበቃዎቹ ጋር በስም መጠራራት ጀምሯል። መስኮት ሦስትና መስኮት ሰባት ሚዜ ይሆናሉ። ከበሮው፣ ጭፈራው፣ የሁለቱም ሃይማኖት ድስት ተጭኖ ይመጣል። ወይኖም ይመጣል፤ እሱ እንኳ በአካል አልቀረበም አይባልም፣ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ግን አንድ ኃላፊ ምድር ቤት ወርዶ እንዲያነጋግረው ከወዲሁ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎ የክብር እንግዳችን ነዎት። ሲመጡ ማህተሙን ይዘው ይምጡ።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት ፋና ትስቅ ነበር። እሷ ስትስቅ እኔ ወፍጮ ቤት ሆኜ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ይሰማኛል። ወይኖን በቪዲዮ አሳየኝ ትለኛለች፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታርዱት ትለኛለች። ወረቀት ስለሌላት እንኳን ገበያ ልትወጣ ቆሻሻ ልትጥል በር መክፈት ትፈራለች፤ ቢሆንም ትስቅ ነበር። ባለፈው ሰሞን ደውዬ ወይኖ ዳስ ሥር እንደተኛ ስነግራት ሣቋ አልተሰማኝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ስለፈራሁ ነው።

በማንኛውም መስኮት፣ በማንኛውም ጾም ዋዜማ ለመቅረብ ዝግጁ የሆንኩ፣ ለወንበርዎ ዕድሜ የምለምን፣

ዘማርያም አካሉ
የሙሽራዋ አባትና የወይኖ ጠባቂ
መካነ ሰላም፣ ግንቦት ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ ያልኩት ፍጥነት ይህ ነው። የእትዬ ሩቂያ የልጅ ልጅ ሀያት ከፋና ጋር በአንድ አውሮፕላን የሄደች ልጅ ነበረች። በሚያዝያ ወር እዚያው ሞተች። ሬሳዋ የሚገባበት ወረቀት ሳምንት አልፈጀም። ሽማግሌ ይመስክር፣ መጥታ ትፈርም ያለ የለም፤ ሲስተሙም ነበረ። ኢትዮጵያዊት መሆኗን ሁላችሁም ወዲያው አወቃችሁላት። እትዬ ሩቂያ ለፋና ሠርግ ያሰቡትን ትልቁን ድስት ለሐዘን ደራሹ ጣዱት፤ ሬሳዋን ስላገኙም አላህ ይስጣቸው ብለው መርቀዋችኋል፣ እሳቸው ከልባቸው ነው። ፋና ይህን ከሰማች በኋላ ደውላ፣ አባዬ የሀያት ወረቀት ያለቀው በየትኛው መስኮት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላወቅሁትም። እርስዎ ይንገሯት።