የሩጫዬ ድርሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1963

ጠዋት በወናጎ መንገድ ሮጥን። ጭጋግ። የቡና መኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ማን ነው የሚያባርርሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ትንፋሼ ተበላሸ። የስፖርት መምህራችን አቶ ደመላሽ ፊሽካቸውን ነፉ። «ሸዋነሽ! ሳቁን ለከሰዓት!»

ምሳ ሽሮ። ራትም ሽሮ ነው የሚሆነው። ምን አለበት? አልጋ አለኝ፣ ደብተር ይሰጡኛል፣ የምከፍለው የለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይርጋ ጨፌ ላይ ሮጬ ስላሸነፍኩ ነው ዲላ ያመጡኝ። ይኸው አሥረኛ ደረስኩ። ከእኛ ከዱመርሶ እዚህ የደረሰች ሌላ ሴት አላውቅም… ተመስገን።

ነገ የጂኦግራፊ ፈተና አለ። አላጠናሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

አባቴ ለገበያ መጥቶ አዳሪ ቤቱ በር ላይ አስጠራኝ። ግንቡ ጥግ ቁጭ ብለን በጌዴኦኛ አወራን።

«እናትሽን ወገቧን ያማታል።»

«ቡናውስ?»

«ቀልቷል። ለቃሚ የለም። ዘነቡን ከትምህርት ቤት አስቀረኋት።»

ታናሽ እህቴን! ገና ሦስተኛ ክፍል ናት…

አባቴ ነገር ሲከብደው ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። አዞረው፣ አዞረው… «የይርጋ ጨፌው ቡና ገዢ ሽማግሌ ልኮብኛል። አንቺን ፈልጎ። እስከ ፋሲካ መልስ ስጡኝ ብሏል።»

«አባ፣ እኔ'ኮ ተማሪ ነኝ።»

«ጠፍቶኝ ነው? ሰውየው ግን ለቃሚ ቀጥሬ አግዛችኋለሁ ይላል። ትምህርት ቤትሽስ ምን አደርግላችኋለሁ ይላል?»

ምን ይላል? ምንም። ይህን ልነግረው አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

አሸነፍኩ! የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የገባሁበትን ሁለቱንም ሩጫ! የይርጋለሟ ልጅ መጨረሻው ላይ ደርሳብኝ ነበር፣ ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር ይሰማኝ ነበር። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት…

የትምህርት ቤታችን ሜዳ ዙሪያውን በሰው ታጥሮ ነበር። ሁሉም ትኬት ቆርጦ ነው የገባው። ዛፍ ላይ የወጡት ብቻ በነፃ አዩ። ገቢው ለአዲሱ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው አሉ። ሴቶች እልል ብለው አቀፉኝ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ነጠላዋን አውልቃ ላቤን ጠረገችልኝ።

ማታ ለክብር እንግዶች ግብዣ ነበር። ሥጋው እስከ መኝታችን ሸተተ። እኛ ሽሮአችንን በላን። ጓደኛዬ ወለላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተሰነጠቀ ጫማዬን አገላብጣ አየችው።

«ላብሽ ቆርቆሮ ሆነ በይ!» አለች።

ሳቅኩ። ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

አቶ ደመላሽን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ከትኬቱ ትንሽ ነገር… ለአንድ ለቃሚ የሚሆን… ዘነቡ ትምህርቷን እንድትቀጥል…

አልተቆጡም። «ሸዋነሽ፣ አማተር ማለት ምን ማለት ነው? ለፍቅር የሚሮጥ ማለት ነው። ገንዘብ የበላ ሯጭ ውድድር ላይ አይቆምም ይባላል።»

«ፍቅሩማ አለኝ ጋሼ። እናቴ ግን በፍቅር ቡና መልቀም አልቻለችም።»

ከአፌ አመለጠኝ። ደነገጥኩ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

አቶ ደመላሽ ከልምምድ በኋላ አስቀሩኝ። «ትናንት ስትጠይቂኝ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አሉ። «እናንተን ለማሠልጠን ከደመወዜ ሌላ አበል አገኛለሁ። ትኬት ቆራጩም ይከፈለዋል። ሜዳውን ያጨደውም። ሳስበው አደርኩ… ያልተከፈለው የሮጠው ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ጋ ሂጂ። ከኋላሽ ነኝ።»

ከኋላሽ ነኝ ያሉት ግን እውነት ከኋላዬ ይሆናሉ?

ሰኞ፣ ኅዳር 21

ዳይሬክተራችን አቶ ሠረቀብርሃን ወንበር ሰጡኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። አባት ናቸው። ለዚህ ነው ያስቸገሩኝ።

«ልጄ፣ ለክብር የሮጠን ሰው ሁሉም ያከብረዋል። ገንዘብ ከገባበት ግን ነገር ይረክሳል። ደግሞስ ነፃ ትምህርት፣ ነፃ ምግብ፣ ነፃ አልጋ… ይህ ክፍያ አይደለም?»

«ነው ጋሼ፣ ግን…»

«ዛሬ ለአንቺ ብከፍል ነገ ኳስ ተጫዋቹ ይመጣል። ከዚያስ? ይርጉስ? በሂሳብ ከጠቅላይ ግዛቱ አንደኛ ወጥቶ ስማችንን አስጠርቷል። ለእሱ ማን ይክፈለው?»

 እጅ ነስቼ ወጣሁ። አቶ ደመላሽ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እውነትም ከኋላዬ ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

መልሱ ዛሬ ልብስ ሳጥብ መጣልኝ። ይርጉ ሂሳብ ሲሠራ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ የለም! ትናንት የት ነበር ይሄ?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4

ዱመርሶ ነኝ። ሳላስፈቅድ መጣሁ። እናቴ ቀና ማለት አቅቷታል። ከዘነቡ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ እንለቅማለን። ጣቶቼ ጠቁረዋል። የመሬቱ ባለቤት ወኪል በቅሎውን እየጋለበ መጥቶ የጌታውን ድርሻ ቀድሞ አስለየ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ዘነቡ «እዚያ ስትሮጪ ማን ነው የሚያየው?» አለችኝ። አገር ሁሉ አልኳት።

«ታዲያ እኛስ መቼ ነው የምናየው?»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ተመለስኩ። የአዳሪ ቤቱ ኃላፊ አልጋዬን ራቁቱን አቆዩኝ። ፍራሽ የለም። «ለሯጭ የተሰጠ አልጋ ነው። ካልሮጥሽ ለሌላ ይሰጣል።»

ወለላ ፍራሿን አካፈለችኝ። ጣሪያውን እያየሁ አሰብኩ… ነፃ ነው፣ ስጦታ ነው ሲሉኝ ከረሙ። ስጦታ ከሆነ ካልሮጡ ይወሰዳል እንዴ? ይህማ ደመወዝ ነው። ስሙን ደብቀውት እንጂ።

ለአባቴ በቡና መኪና መልእክት ላክሁ። ና፣ አልኩት። የወላጆችና የነጋዴዎች ኮሚቴ በጥር ይሰበሰባል። አቶ ደመላሽ ጉዳዩን አጀንዳ አስይዘዋል። ይመጣ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥር 8

መጣ። ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ እግሩን ታጥቦ።

አሮጌው አዳራሽ ሞልቷል። ነጋዴዎቹ፣ ባለርስቶቹ ፊት ለፊት። አቶ ሠረቀብርሃን ያንኑ ለእኔ ያሉኝን ተናገሩ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ነው የተናገሩት፣ ምን ይደረግ። ከዚያ አባቴ እጁን አነሣ። በአማርኛ ጀምሮ ተደናቀፈና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ በይልኝ።»

እኔ? ስለ ራሴ ጉዳይ? ተነሣሁ። 

አባቴ በጌዴኦኛ ተናገረ፣ እኔ በአማርኛ።

«ልጄን አስተምራችኋል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አልረሳውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ጭሰኛ ነኝ።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። የመሬታችን ባለቤት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል! ይህን እንዴት ብዬ… አባቴ አየኝ። «በይ» አለ። አልኩ።

«እኔ ጭሰኛ ነኝ። መሬቱ የኔ አይደለም። ግን ላቤን አፍስሼ ካመረትኩት ለኔም ድርሻ አለኝ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ለጭሰኛ እንኳ ድርሻ ካለው፣ የልጄ ድርሻ የት ነው?»

 አንድ ሰው ሳለ። ሁለተኛውን ረድፍ ለማየት አልደፈርኩም።

ከዚያ እትዬ የሺሃረግ ተነሡ። ለካ ያች በነጠላዋ ላቤን የጠረገችው ሴትዮ እሳቸው ናቸው፣ የጨርቅ ነጋዴዋ! «እኔ ትኬት የቆረጥኩት ቆርቆሮ ለማየት አይደለም፣ ይህችን ልጅ ለማየት ነው» አሉ። «አዳራሹም ይሠራ፣ ቆንጆ ነው። ግን ሰው አምጥቶ ሜዳ የሞላው ማን ነው? ከቆርቆሮው ላይ ትንሽ ብትቀነስ ዝናቡ አያስገባም!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ውስጥ ነገሩ ላላ። ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ቡና መጣ፣ እንደገና ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ከትኬት ገቢ አንድ እጅ ለተወዳዳሪዎች እንዲከፋፈል ተስማሙ። ለሴቱም ለወንዱም እኩል፣ አበል ተብሎ፣ በየወሩ። ለአንድ ዓመት ሙከራ። የአልጋው ነገር ግን ሳይነሣ ቀረ።

አቶ ሠረቀብርሃን ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «አሁንም ልክ አይመስለኝም። ብሳሳት ግን ደስ ይለኛል።» እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አላየሁም።

እሑድ፣ ጥር 9

አባቴን እስከ መኪናው ሸኘሁት።  መንገዱን ሁሉ እጄን ይዞ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 20

አዋሳ። ሁለተኛ ወጣሁ። አልቅሼ ነበር። «ይኸው፣ ገንዘብ ሲገባ!» የሚሉኝ መሰለኝ። አቶ ደመላሽ ግን ሰዓታቸውን አሳዩኝ። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኜ ሮጬ አላውቅም። ያሸነፈችኝ ከእኔ የበለጠች ልጅ ናት፣ በቃ። ሄጄ አቀፍኳት። እሷም እኔን ጠየቀችኝ… «እናንተ ጋ ይከፈላል የሚሉት እውነት ነው?»

ሁሉንም ነገርኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 5

ዱመርሶ፣ ለአንድ ቀን፣ አስፈቅጄ።

ዘነቡ ትምህርት ቤት ተመልሳለች። በአበሌ የጎረቤት ልጅ ተቀጥራ እናቴን ታግዛለች። ዘነቡ የማባዛት ሠንጠረዥ እየጮኸች ስታነበንብ ዋለች። ራሳችንን አመመን ግን ማንም ዝም በይ አላላትም።

ከምሳ በኋላ እናቴ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። «ሽማግሌዎቹ ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር» አለች።

 «አባቴ ምን አላቸው?»

«እንዲቀመጡ አደረገ። የሚበላ አቀረብኩ። የምትሮጠው ልጅ የታለች አሉ። አባትሽ 'ዲላ ናት፣ ሥራ ላይ ናት' አላቸው።»

«ሥራ ላይ?»

«እንደዚያ ነው ያለው። ሰዎቹም ተያዩ። 'ታዲያ መልሱን ማን ይስጠን?' ሲሉት…» እናቴ ሳቋ መጣ፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «'እኔ ምን አውቄ፣ እሷኑ ጠይቋት' አላቸው።»

እኔን! በቤታችን፣ በመንደራችን፣ ስለ ጋብቻ ሴት ልጅ ተጠይቃ ታውቃለች? እናቴም ይህንኑ እያሰበች መሰለኝ፣ ብዙ ቆይታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ይምጡና ይጠይቁኝ። የምመልሰውን አውቃለሁ።