በርሜሌን ያልሞላው ዝናብ

ነሐሴ 21 ቀን

ላሳደግኩህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት ጎርፉ ወጥቶ ጭቃው ከስፌት መኪናዬ ሥር ደርቋል ማለት ነው። ልሰፋ የተቀበልኩትን የተማሪዎች ዩኒፎርም ሦስቴ አጠብኩት፤ ሰማያዊው ቡኒ ሆኖ ቀረ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «እታለም፣ የጎርፉን መንስኤ የሚያጣራው ኮሚቴ ሲመጣ የተፈጥሮ አደጋ ነው በያቸው፣ አደራ» ትለኛለህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ። የዚያን ቀን ዝናብ እኮ ደጃፌ ያለውን በርሜል እንኳ አልሞላም። በርሜል ያልሞላ ዝናብ ሰባት ቤት ጠራርጎ ወሰደ ብዬ ልማል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገርህ። የወንዙን ዳርቻ በኤክስካቫተር ቦርቡረህ አሸዋውን የሸጥከው አንተ፣ ስድቡን የሚጠጣው ደመና።

ደግሞ ሰው ሲሸሽ እንኳ ወግ አለው። እህትህን ደህና ሁኚ ሳትል፣ ሄልሜትህን ግን ሳትረሳ ሄድክ። ምን እንዳይወድቅብህ ነው?

ኮሚቴዎቹ ትናንት መጡ። ጎረቤቴ ልብስ አጣቢዋ ልጆቿን ይዛ የተጠለለችበት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጸሐፊያቸው የተማሪ ዴስክ ላይ ተጣብቆ ተቀምጦ፣ «እትዬ፣ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?» አለኝ። የተፈጥሮ ከተባለ ለሰባቱም ቤተሰብ ብርድ ልብስ አድለው ይሸኟቸዋል። ሰው ሠራሽ ከተባለ ግን ያፈረሰው ይሠራላቸዋል። ልብስ አጣቢዋ ሕፃኗን እያባበለች፣ «ተዋት፣ ምን ታድርግ፤ ወንድሟ ነው» አለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰው ሠራሽ ነው» አልኩ።

«ሰውየው ማነው?»

ስምህን ከነአባትህ፣ ከነአያትህ አስጻፍኩ። አንድ ፊደል ሲሳሳት አሳረምኩት።

«ዳርቻው እንደሚናድ ያወቀ ሌላ ሰው ነበር?»

«አዎ» አልኩት፤ «መሰንጠቁን እያየች፣ ዝም ብላ ለቆፋሪዎቹ ቱታ ስትሰፋ የከረመች እህቱ።»

ብዙ አልደከመም። ከስምህ ሥር የእኔን ስም ብቻ ጨመረ፤ የአባትና የአያት ስማችን ያው ነው።

መጥተህ አጠገቤ ቁም። እስከዚያው ልብ ይስጥህ፣ ለእኔም ይጨምርልኝ።

እታለምህ