«በሌሊቱ ሂዱ» ያልኳችሁ ዕለት

ጁባ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማህፀኔ ፍሬ፣ ለዶርቃ፤

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። አንቺ፣ ኢዛናና የኔ ጌታ አሞጽ ደህና ናችሁ ወይ? ብርዱ ጀመራችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ከሚያወራኝ ወሬ በቀር ሕመም የለብኝም። እዚህ እየዘነበ ነው። ከኮሎሎ መንገድ ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባው ጭቃ ስለሆነ የውሃ ቦቴው አልገባም ብሎ ከዋናው መንገድ በጀሪካን እናስቀዳለን።

«በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትዪ ይሆናል። በስልኩ ላይ አሞጽ አለ፤ ነጥቆሽ አፍንጫውን ብቻ ያሳየኛል። ኢዛና ከኋላሽ እያለፈ ሰላም ይለኛል። አንቺም የምታወሪኝ ወጥ እያማሰልሽ ነው። ይህኛው ነገር በዚያ መሃል አይነገርም። ፊትሽን እያየሁ ልናገረውም ሞክሬ አልሆነልኝም።

ባለፈው «እማ፣ ሞምባሳ ላይ ሰልችተንሽ ነበር እንዴ? እንደ እንግዳ እኮ ነው የሸኘሽን» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቅሽ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ልጄ ከልቧ ስትስቅ እንዴት እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ያ ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ያን ቀን እንደገና ላንሳውና እንደሆነው ልንገርሽ።

ለዕረፍት በተገናኘንበት ሆቴል፣ ባሕሩ ዳር ምሳ ላይ ነበርን። አሞጽ ማዕበሉን ፈርቶ ጭኔ ላይ ወጥቶ ዓሣውን በእጁ ይፈተፍታል። የኢዛና ስልክ ጮኸ፤ አነበበው።

«ምንድነው?» አልሽው።

«የማክሰኞው በረራችን ተሰርዟል። ያለው ዛሬ ሌሊት ነው። ካልሆነ ሐሙስ፣ በቀን።»

«ዛሬ ሌሊት? ከዚህ ልጅ ጋር? ስንመጣ ያደረገን ተረሳህ? አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው እኮ ነው ያፈጠጠብን!»

«ሌሊት ከሆነ ይተኛል» አለ። «ሐሙስ ካልን ግን ከሥራ እቀራለሁ። ይህንንም ፈቃድ ለምኜ ነው ያገኘሁት።»

ቁጣ አልነበረበትም። ኢዛና ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ ነገር አልተናገረም። አንቺ ግን ወደ እኔ ዞርሽ። «ሐሙስ ብንል ከአንቺ ጋር ሁለት ቀን ይጨመርልናል። የአንቺንም ትኬት እናስቀይራለን። እማ፣ ምን ትያለሽ?»

ሁለታችሁም አያችሁኝ። አይንሽ ውስጥ የነበረውን አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልሽም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳንገናኝ ቆይተን ገና እጅሽ ከእጄ ጋር መላመዱ ነበር። እኔ ግን «በሌሊቱ ሂዱ» አልኩ። «ልጁም ይተኛል፣ ባልሽም ከአሠሪው አይጣላ። እኔም አቤኒን ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ትቼ ብዙ መቆየት አልችልም።»

አቤኒን በስልክ አይተሻታል፤ ጋምቤላ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰችው፣ ከእኔ ጋር መጋረጃ የምትሰፋው። አሥር ቀን ሙሉ ብተዋት ሱቁ የትም አይሄድም ነበር። ሰበብ ነው።

ልጄ፣ ከጁባ ስነሳ ጀምሮ ልነግርሽ የያዝኩት ነገር ነበረኝ። የመጀመሪያው ቀን ደክሟችኋል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ አሞጽ ወደቀና አለቀሰ። ከዚያ አንቺ ውሃው ውስጥ ገብተሽ እንደ ሕፃን ስትጮሂ አየሁሽና ይህን ደስታ ለምን አደፈርሳለሁ አልኩ። የመጨረሻው ቀን ይሻላል፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ የኢዛና ስልክ ጮኸ። እውነቱን ልንገርሽ? «ዛሬ ሌሊት» ሲል ሰውነቴ ቀለለኝ። ፈተናውን ያላጠና ተማሪ አስተማሪው ቀርቷል ሲሉት ቀለል እንደሚለው ማለት ነው። እናንተን መሸኘቴ አልነበረም፤ ከፈተናው ማምለጤ ነበር።

ታክሲው መጣ። አሞጽ ኢዛና ትከሻ ላይ ተኝቷል። አንቺ አቅፈሽኝ አልለቅሽም አልሽ። ጆሮዬ ስር «እማ፣ የሆነ ነገር ልትነግሪኝ ነበር አይደል?» አልሽኝ።

«ኧረ ምንም። ሂዱ፣ ሰውዬው ቆሞ ይጠብቃል።»

አየሽ፣ አውቀሽ ነበር። እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁት።

በማግስቱ ብቻዬን ዋልኩ። ለቁርስ ስወርድ አስተናጋጁ የሕፃኑን ወንበር አምጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ አቆመና ዙሪያውን አየ። ሄደዋል ብዬ በእጄ ወደ ሰማይ አሳየሁት። ደንግጦ ደረቱን ያዘ፤ የሞቱ መስሎት ነው። በአውሮፕላን፣ በአውሮፕላን ብዬ እጄን እንደ ክንፍ ዘርግቼ አስረዳሁት። ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ለብቻዬ ሲሆን ግን አላሳቀኝም። ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። የመጋረጃው ጫፍ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፤ ስንገባ ጀምሮ ዓይኔን ሲወጋኝ ነበር። መርፌና ክር ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰፋሁት። ሰው ለዕረፍት ሄዶ የሆቴል መጋረጃ ይጠግናል? እኔ ጠገንኩ። ሌላ የምሠራው አጣሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አንድ ሰው አለ።

ስሙ አለባቸው ይባላል፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ነው። ዕድሜው ከእኔ ትንሽ ይበልጣል፤ ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ ጌታ ልጅ አልሰጠውም። ሥራው ጄኔሬተር መጠገን ነው። የሞተር ጩኸት ስለለመደ ሲያወራ ይጮሃል፤ ሲጸልይ ግን ድምፁ አይሰማም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የጸሎት ፕሮግራም አልቆ ሰው ሲበተን ዝናብ ያዘንና ደጃፉ ላይ ቆምን።

«እህት አረጋሽ፣ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ» አለኝ።

«ታዲያ ከወንድሞች ጋር አትበላም?» አልኩት።

«ከወንድሞች ጋርማ እበላለሁ። እኔ የምልሽ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም መንገድ መንገዱን እናያለን። «ልጄን ሳልነግር መልስ አልሰጥህም» አልኩት። «ተገቢ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጎተጎተኝም።

ዶርቃዬ፣ የአባትሽ ለቅሶ ላይ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ላታስታውሺ ትችያለሽ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሆሳዕና ከተማ፣ የቤታችን ጓሮ ወስደሽኝ «እማ፣ በአባዬ ቦታ ሌላ ሰው እንዳታመጪብኝ» አልሽ። አልተቆጣሁሽም። ቃልም አልገባሁልሽም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ግን እንደ መሐላ ቆጥሬው ኖርኩ። አንቺን ለማስተማር ወደዚህ አገር ስመጣም ከሻንጣዬ ጋር ይዤው መጣሁ። እዚህ ሌሎችም ጠይቀውኝ ነበር፤ ለአንዳቸውም መልስ ለመስጠት አልተቸገርኩም። አሁን ግን ተቸገርኩ። ነገሩ ይህ ነው።

አባትሽን ወርቁን አልረሳሁትም። ዛሬም መቀስ ሲጠፋብኝ «ወርቁ፣ የት አኖርክብኝ?» እላለሁ፤ እሱ ጁባን አይቷት የማያውቅ ሰውዬ። አቤኒ መጀመሪያ ስትሰማኝ ወርቁ የሚባል ሠራተኛ ያለ መስሏት ዞር ዞር ብላ ፈልጋ ነበር።

ግን ደግሞ አቤኒ ሳይመሽ ድልድዩን ተሻግራ ጉምቦ ሰፈር ወደ ልጆቿ ትገባለች። እኔ የሱቁን በር ቆልፌ ጓዳዬ ስገባ የሚጠብቀኝ የለም። ሽንኩርት ግማሹን እከትፍና ግማሹን አስቀምጣለሁ፤ በማግስቱ ደርቆ አገኘዋለሁ። ስብከት ከስልኬ እከፍታለሁ፤ ሁልጊዜ ለመስማት እንዳይመስልሽ፣ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። ይህን ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም። «እንዴት ነሽ?» ስትዪኝ «ተመስገን» እልሻለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ሙሉው ግን አይደለም።

ከሞምባሳ ስመለስ አለባቸው ጁባ አየር ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

«ነገርሻት?»

«በሌሊቱ በረራ ሄዱ።»

ሻንጣዬን መኪናው ላይ ጫነ። መኪና ውስጥ ዝም አልን፤ ያ የሚጮህ ሰውዬ ዝም ሲል የሚያስፈራ ነገር አለው። በሬ ላይ ሲያወርደኝ ነው የነገረኝ፤ የሚሠራበት ኩባንያ ወደ ዋው ከተማ አዛውሮታል። «መልስሽን ይዤ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «እደውልልሻለሁ። አንቺም ከልጅሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ስልክ እኮ አለ።»

«በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ዋው ከገባ በኋላ እሁድ እሁድ ከአምልኮ መልስ ይደውልልኝ ነበር። ስለ ጄኔሬተር፣ ስለ ሙቀቱ፣ እዚያ ስላሉት ጥቂት ሐበሾች ያወራኛል። በመጨረሻ ትንሽ ዝም ይላል፤ መልሱን እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ ጌታ ይጠብቅሽ» ብሎ ይዘጋል።

ባለፈው እሁድ አልደወለም። ከዚያ በፊት የነበረውም እሁድ እንዲሁ አለፈ። የዋው ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ዝናቡም መስመሩን ያበላሸዋል። አቤኒ ፊቴን አይታ «ማማ፣ ያ ሰውዬ ኬፍ፣ እንዴት ነው? አልደወለም?» ትለኛለች። ኔትወርክ ነው እላታለሁ። «ማሌሽ» ትለኛለች፤ ይህ የእነሱ ቃል አይዞሽም ይሆናል፣ ይቅርታም ይሆናል። ኔትወርኩን እንዳላመነችው ግን ያስታውቅባታል።

ዛሬም እሁድ ነው። ከአምልኮ ከተመለስኩ ጀምሮ ስልኩን ከፊቴ አስቀምጬ ይኼው እጽፍልሻለሁ። አሁን ሊመሽ ነው።

ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። ለሐሙስ ወደ ዋው ትኬት ቆርጫለሁ። እሱ አያውቅም። ደውዬ ልነግረው ፈራሁ፤ በስልክ «አይ፣ አሁን እንኳ ተዪው» ቢለኝ ፊቱን ሳላይ ይቀርብኛል። ከአንቺ ጋር የሠራሁትን ከእሱ ጋር መድገም አልፈልግም። ዘግይተሻል ካለኝ ዘገየሁ ማለት ነው፤ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ለአቤኒ ቁልፉን ሰጥቻታለሁ፤ ለአንድ እንግዳ ማረፊያ የታዘዘው መጋረጃም አልቋል።

ፈቃድሽን እየጠየቅሁ አይደለም፤ ይህን በቅንነት ተቀበዪኝ። ብጠይቅሽ «እሺ» ትዪኛለሽ፤ እኔም እሺታሽ ከልብሽ ይሁን ለእኔ ብለሽ ዕድሜ ልኬን ስፈትሽ እኖራለሁ። እኔ የምፈልገው እንድታውቂ ነው። ከሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው። ደግሞ ያን ሌሊት የሸኘኋችሁ ሰልችታችሁኝ እንዳልነበረ እንድታውቂ። አሞጽ ጭኔ ላይ የጣለውን የዓሣ ፍርፋሪ እንኳ ለማራገፍ አልቸኮልኩም ነበር።

ከከፋሽ ክፊ። አልቅሽም። አባትሽን ስለምትወጂ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያኮራኝ ነገር የለም። ከኢዛና ጋር ተማከሩ፣ ጸልዩ። ግን እናቴ ረሳችን ብለሽ እንዳታስቢ፤ እሱን ብቻ አልችለውም።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ሉሊት ናት፤ ከእኔ ጋር በመዘምራን የምታገለግል፣ እዚያ ከተማችሁ ለሥራ ስብሰባ የምትመጣ ልጅ። ዛሬ ሌሊት ትነሳለች፤ ማክሰኞ ቤትሽ ድረስ አመጣዋለሁ ብላኛለች። ራት አብሊያት፤ ስታፍር ታድራለች እንጂ ራበኝ አትልም። ለአሞጽ የሰፋሁትን ቁምጣም ይዛለች፤ ከሰፋው እጠፊለት፣ ያድግበታል።

የአብርሃም አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ባልሽን ከክፉ አሠሪ ይሰውርልሽ። ለእኔም የፊቴን ደፍሬ የማይበት ጉልበት እንዲሰጠኝ ጸልዪልኝ።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላኑ ውስጥ እስክገባ ድረስ ስልኬ ክፍት ነው። ብትደውዪም ባትደውዪም እሄዳለሁ። ብትደውዪልኝ ግን ብቻዬን አልሄድም።

እናትሽ
አረጋሽ