የእትዬ ስንዱ በሶ

ኅዳር 11 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ቤይሩት ላለችው ልጄ ጥቅል የምልክበት ቀን ስለሆነ ጠዋት ደስታዬ ሌላ ነበር። ፖስታ ቤት እስክደርስ ያልሳምኩት ሰው የለም። ጎረቤቴ እትዬ ስንዱም «በሶዬን መርቄ ልሸኝ» ብለው ተከተሉኝ። ልጃቸው እዚያው ቤይሩት ከልጄ ጋር አንድ ሰፈር ስለሆነች፣ አደራ ብለው በሶ በጨርቅ ቋጥረው ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትናንት ማታ ስጠቀልል ለበርበሬዬ ቦታ ሲጠበኝ ቋጠሮውን አውጥቼ ጓዳ አስቀመጥኩት። ማን ያያል፣ በሌላ ጊዜ እልከዋለሁ ብዬ!

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ «ይፈታ፣ ያለው ሁሉ ይመዘገባል» አለችና ጥቅሉን ከፊታችን ዘረገፈችው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላ። እትዬ ስንዱ አንገታቸውን አስግገው «የእኔስ?» አሉ። እኔ ለፍላፊዋ ነጠላውን መልሼ ማጣጠፍ ያዝኩ።

«የጎደለ አለ እንዴ?» አለች ሠራተኛዋ።

«የለም ልጄ፣ እኔው ነኝ ሳልሰጣት የቀረሁ። እርጅና ምን ያደርጉታል!» ብለው ሳቁ።

ምነው በሰደቡኝ! መንገዱን ሁሉ ስለ ልጄ ደኅንነት ሲመርቁ መጡ። በራቸው ላይ ስንለያይ «እትዬ፣ ይቅር በሉኝ» ልል አፌን ከፍቼ፣ «ዛሬስ ብርዱ በረታ» አልኩ።

«በይ ቶሎ ግቢ፣ እንዳያምሽ» አሉኝ።