ማኅተሙ ያልተነካ፣ ውስጡ የዛገ ካምቢዮ

ለተከበሩ የቆላ ቀበሌዎች የሕሙማን ማመላለሻ ማኅበር የንብረት ክፍል ኃላፊ
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሕመምተኛ ወልዲያ ሆስፒታል የምታደርሰው የማኅበራችን አንዲት መኪና አሁን ባለችበት ሁኔታ፣ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ከጤንነት ሌላ አማራጭ ስለሌለን ነው።

እኔ የሮቢት ነዋሪና የማኅበሩ አባል ነኝ። ልጄ ኢስራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል፤ አዋላጇ ነርስም ምጥ እንደጀመራት ሳንውል ሳናድር ሆስፒታል እንድናደርሳት አጥብቃ አስጠንቅቃናለች። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን፣ መኪናዋ «አዲስ ዘይት ተሞልቶላት ወደ ሥራ ተመልሳለች» የሚለውን ማስታወቂያዎን አነበብኩ። ምስጋናዬ በርከት ስላለ በተራ ቁጥር ማስቀመጡን መርጫለሁ።

1. የመኪናዋ የማርሽ ሳጥን ተሰብሮ ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ ተረካቢ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ማንም እንዳይነካው ላይኛውን ክፍል በጨርቅ አስጠቅልለው፣ በሰም አሽገው ማኅተምዎን ስላሳረፉበት አመሰግናለሁ። ዘይቱ ለመንገድ ሲባል ተንጠፍጥፎ ነበር፤ የማርሽ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳም ከዚያች ጨርቅ በቀር ክዳን አልነበረውም። መካኒኩ ዘካሪያስ ዘይት ልሙላበት ብሎ ቢለምን «እሽጉ ይፈርሳል» ብለው መለሱት። ኮሚቴው ክረምቱን ሙሉ ሳይሰበሰብ ቀረ፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ግን ማፍሰሱን አላቋረጠም። የሐምሌ ዝናብ እንደ ዘካሪያስ፣ ማኅተም አይቶ የሚመለስ አልሆነም።

2. እንግዶች ሊጎበኙ ነው በተባለ ጊዜ ጨርቁ የማይሸፍነውን የካምቢዮውን አካል ብርማ ቀለም ስላስቀቡት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እንግዶቹ የንብረት አያያዝዎን አድንቀው ሄደዋል። ውስጡን እንዲያዩ የጋበዛቸው አልነበረም።

3. ኮሚቴው በመጨረሻ ተሰብስቦ ፈረመ፤ ካምቢዮውም ሳይፈታና ሳይታይ፣ ዘይት ብቻ ተሞልቶበት ተገጠመ። መጀመሪያ የተሳፈረችው የጎረቤቴ ሚስት ፀዲ ናት፤ ምጥ ይዟት ነበር። እኔም አብሬ ነበርኩ። ከጎብዬ ወዲያ ዳገቱ ላይ ሾፌሩ ሄኖክ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሊቀንስ ሲል ዘንጉ መሐል ላይ ደርቆ ቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ስለማይዝ ሄኖክ እግሩን ከፍሬን ላይ ማንሳት አልቻለም። ላቡ እየወረደ «ታኮ! ድንጋይ አምጡ፣ እግሬ እየከዳኝ ነው!» እያለ ሲጮህ፣ የፀዲ አማት እትዬ ሀሊሜ በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። እኔም ሌላውን አከልኩ። እትዬ ሀሊሜ ቀና ብለው «ያን ቀለም የቀባው ሰውዬ ምነው አሁን መጥቶ በገፋልን!» ያሉትን ለእርስዎ አድርሱልኝ ባይሉኝም አድርሻለሁ።

ፀዲን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አነሳት። ወልዲያ ሳትደርስ በጆንያው ላይ ተገላገለች። አልሀምዱሊላህ፣ እናትም ልጅም አሉ። ይህን ግን ከንብረት ክፍሉ የሥራ ውጤቶች መካከል እንዳይቆጥሩት በትሕትና እለምናለሁ።

4. ስለ አዲሱ ዘይትም ላመስግንዎ። አሮጌው ሲወርድ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ወረደ፤ በጣቶቼ መሐል ባሸው እንደ አሸዋ ቆረቆረኝ። ዘካሪያስ እንዳስረዳኝ፣ ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በነጭ ጋዝ ታጥቦ በጨርቅ ይለቃል፤ ኩሽኔታዎቹንና የማርሹን ጥርስ የበላውን ግን የትኛውም ዘይት አይመልሰውም፤ ካምቢዮው ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ የተበላው መለወጥ አለበት። ታዲያ ሳትፈታው ለምን ገጠምከው ብዬ ስቆጣው አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እንጀራዬ እኮ ነው» አለኝ። እርሱን ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው። እርስዎ ግን ይህንኑ ሲነግርዎ «ቀለሙ እንኳ አልተላጠም፤ ምን ሆነ ትላለህ?» እንዳሉት ሰምቻለሁና፣ ለዓይንዎ ጤንነት ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። የልጄ ምጥ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም። ካምቢዮው አሁኑኑ ይፈታ። የማይፈታ ከሆነ ማስታወቂያዎን ከሰሌዳው ያንሱትና መኪና የለንም ብለው በግልጽ ይንገሩን፤ እኛም ከዛሬ ጀምረን ሽንኩርት ጫኞቹን እንለምናለን። የሌለ መኪና ሰውን ዳገት ላይ አያቆመውም፤ አለ ተብሎ የተለጠፈው ነው የሚያቆመው።

ማኅተምዎ እንደ ፀና፣ ቀለምዎ እንደ አብረቀረቀ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሙሀመድሰይድ አራጌ
ከሮቢት

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት ታኮ የሆኑንን ሁለት ድንጋዮች ከዳገቱ አምጥተን በመኪናዋ አልጋ ሥር አስቀምጠናል። ከካምቢዮው ይልቅ የሠሩት እነርሱ ስለሆኑ በማኅበሩ ንብረትነት እንዲመዘግቧቸው እጠይቃለሁ። ከፈለጉም ያሽጓቸው፤ ድንጋይ አይዝግም። ኢስራ የምትሳፈር ዕለት ግን እባክዎ፣ እሽጉን ቀደም ብለው ይፍቱልን።