በሐምሌ ጉም ስለተጣደ ክክ

ለተከበሩ የፀሐይ ምድጃ አስፋፊ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ ከነኮሚቴዎ፣ ከነሹፌርዎ ጭምር እንደምን ሰነበቱ? በእርስዎ ቸርነት የቀበሌያችን የመጀመሪያው የፀሐይ ምድጃ ባለቤት ለመሆን የበቃሁት እኔ ፍቅረ ሥላሴ፣ ሆዴ ከመጮሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

በግንቦት ያን የፀሐይን ሙቀት ወደ ድስቱ የሚመልስ የሚያብረቀርቅ ሳህን ሲያስረክቡኝ ሞዴል ቤት ጭስ አይታይበትም ብለው ስለመከሩኝ፣ የሚያነሡኝ ፎቶ እንዲያምር የባለቤቴን የሠርካለምን ምድጃ በገዛ እጄ አፍርሼ ጉልቻውን ገደል ከተትሁት። ክረምቱን ምን ልትበላ ነው ብትለኝ፣ ሳይንስ አልገባሽም ብዬ ሳቅሁባት። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እኔ ግን ጭራሹን ጉልቻውን ጥዬ ወጥ ጠበቅሁ። ስለሆነም ከምስጋና ጋር የሚከተለውን ላመለክት እወዳለሁ።

፩. ደባርቅ ሐምሌ የሚባል ወር አላት። ጉሙ ግቢያችን ሲገባ እንኳን ወጥ ሊበስል በሬን ከአህያ መለየት ይቸግራል። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁት እኔም ስለዘነጋሁት እርስዎን ብቻ አልወቅስም።

፪. ምድጃው ደጅ ስለሚቆም፣ ከሰው ዓይን ይሸሸግ የነበረው ድስታችን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ተገልጧል። ያየውን ሁሉ «ኑ እንብላ» ማለት ግድ ሆኖብኝ፣ አንድ ጉርሻ ሳላጎርስ ለጋስ ተባልሁልዎ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፫. የሥላሴ ማኅበር ተራዬ ደርሶ ክኩን በማለዳ ጥጄ፣ ሳህኑን ፀሐይ አለች ወደተባለበት ሁሉ ሳዞር ዋልሁ። ማኅበርተኛው ጸሎት አድርሶ ሲቀመጥ ክኩ ለብ እንኳ አላለም። የነፍስ አባታችን አባ ባርናባስ አንድ ፍሬ ቀምሰው፣ ይህንስ ብንዘራው ይበቅላል አሉ። ጎረቤታችን ዚነት እሳቷን ባትለቅልን ኖሮ ማኅበሩ ጦሙን ይበተን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠርካለም በዝናብ ድስት ተሸክማ ሰው ቤት ትመላለሳለች። አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን በቀልድ ልሸፍነው አልችልም፤ አፍሬአለሁ። ስለዚህ የሞዴልነት ማዕረጌን ገፍፈው፣ ምድጃዋን መልሼ እንድሠራላት ይፍቀዱልኝ ዘንድ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ። ሳህንዎን ጥር ሲጠባ በክብር አወጣዋለሁ።

ሳህን በማዞር ወገቡ የተቆለመመው፣
ጭስ አልባውና ወጥ አልባው ሞዴልዎ
ፍቅረ ሥላሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጉብኝት እንደሚመጡ ሰምተን ደስ ብሎናል፤ ምሳ እኛ ዘንድ ነው። ክኩን እኔ እጥዳለሁ፣ ሳህኑን እርስዎ ያዞራሉ። ከራብዎት ደግሞ ድስቱን ተሸክመው ዚነት ቤት መሄድ ነው፤ በጭቃው የት የት እንደሚረገጥ ሠርካለም ታሳይዎታለች።