የታሪክ ክፍለ ጊዜህን የተናገርኩት እኔ ነኝ

ውድ ጋሼ፣

ከሐዲድ ሥራው የእስረኞች ካምፕ እንደምንም አሾልከህ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። «ጉድ የሠራኝ ያ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው፤ ባለቤቴን አደራ» ብለሃል። አደራህን ከመቀበሌ በፊት እውነቱን ልንገርህ፤ ዘበኛው አይደሉም። እኔ ነኝ።

የምናስተምርባቸውን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ ጣውላ ስለነበር ትምህርትህ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ያን ዕለት አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ፈረንጆቹ ለምን መጡ?» አለችህ። መጽሐፉ «ሊያሠለጥኑን» ይላል። አንተ ግን፣ «ፋብሪካዎቻቸው ጥጥና ጎማ አነሳቸው። ለሚያመርቱት ጨርቅም ገዢ ፈለጉ። ደግሞ እርስ በርስ ይቀናናሉ፤ እኔ ካልያዝኩት ያኛው ይይዘዋል እያሉ፣ አገራችንን ሳያዩ ካርታ ላይ ተካፈሏት። የወባ መድኃኒትና ፈጣን ጠመንጃ ስላገኙም ተሳካላቸው» አልካት።

«ሊያሠለጥኑን አይደለም ታዲያ?»

«ለማሠልጠንማ ጠመኔ ይበቃ ነበር፤ መድፉ ምን ይሠራል?»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ከወዲህ በኩል አፌን ይዤ ሳቅሁ።

ወሬው ከልጆቹ ወጥቶ ነው መሰለኝ፣ በማግስቱ ፈረንጁ ኢንስፔክተር ቢሮ አስጠራኝና በሩን ዘጋው። «ባልሽ ጉምሩክ ነው የሚሠራው፣ አይደል? የምትኖሩትም በመንግሥት ቤት» አለኝ፣ በትሕትና። ከዚያም ክፍልህ ውስጥ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። ጋሼ፣ አልመታኝም፤ አልጮኸብኝም። አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኩት፤ ቀልዱን እንኳ። እሱ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ወሰዱህ።

አሁን ክፍልህን ሰጥተውኛል። «ሊያሠለጥኑን መጡ» እያልኩ አጽፋለሁ። ያቺ ልጅ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ አቀርቅራ ትጽፋለች። ሥራውን ልልቀቅ ብል ውሉ አይፈቅድም። ልጥፋ ብል ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ዘበኛው በመስኮትህ ሥር ይቀመጡ ስለነበር ሰው ሁሉ የጠረጠረው እሳቸውን ነው። ባለቤትህ ሰላምታቸውን አትመልስም።

ዛሬ ከሰዓት ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ለዘበኛው አነበብኩላቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«የኔ ይቅርታ ምን ይሠራልሻል፣ ልጄ? ለሚስቱ አንብቢላት እንጂ።»

«እሷ ከሰማች ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ኢንስፔክተሩ ጆሮም ይደርሳል።»

«ይደርሳል» አሉ።

ይህን የምጨርሰው ከቤትህ ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ምሕረትህን አልጠይቅም፤ ብቻ ሕይወትህን ጠብቅ። ባለቤትህ ኮቴዬን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ከውስጥ «ማነው?» እያለች ነው።

አሳልፋ የሰጠችህ ባልደረባህ